በደሙ ውስጥ የእህቱ ስብርባሪ

እጀ ሐር ይሉታል። ስሙን መጀመሪያ ያወጣለት ማን እንደሆነ እሱ ራሱ አያውቅም። ብቻ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ተላጭቶ የተነሣ ሁሉ፣ አገጩን በመዳፉ እየዳበሰ አንዴ መስታወቱን አንዴ እሱን ሳያይ አይወጣም ነበር። መቀስና ቶንዶስ መያዝ ማንም ይማረዋል፤ ምላጭ ግን ለሁሉም አይታዘዝም። በሰው ጉሮሮ ላይ ስለት ይዞ መውረድ፣ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ባንድ ስበት መጨረስ፣ ደንበኛው እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ እንኳ ቆዳውን አለመጫር፣ የእጀ ሐር ኩራት ይኸው ነበር። ኩራት ራቱ ነው የሚባል ሰው ካለ እሱ ነው። ሚስቱ «አንተ እኮ ያገባኸው ምላጩን ነው» ስትለው፣ «ምን ላድርግ፣ እሱ አይቆርጠኝም» ይላታል።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ኩላሊቱ የከዳው። ነገሩ የጀመረው በእግር እብጠት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው እግሩ ቢያብጥ ማን ምን ይላል? ሰፋ ያለ ጫማ ገዛና ዝም አለ። ፊቱ ሲያብጥ ደግሞ ወፈርኩ ብሎ ተደሰተ። በመጨረሻ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ስታደርሰው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከእጥበት ማሽን ጎን እየተኛ፣ ደሙ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ በሌላው ሲመለስ እያየ ከረመ። ምላጩ በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድሙ በዚያች ዕለት ደም ግፊት እንዳለበት አስታወቀ፤ ከዚያ በፊት ስለ ደም ግፊቱ የሰማ ሰው አልነበረም። አንዱ የአጎት ልጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጠራርጎ ስለ አየሩ ጸባይ ማውራት ጀመረ። ታናሽ እህቱ ግን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና፣ «ምን ያንሾካሽካችኋል? የእኔን ውሰዱና እንረፍ» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ብርጭቆዋን መልሳ አነሳች። ምርመራው ሲደረግ ኩላሊቷ ከእሱ ጋር ተስማማ።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ የጠየቀችው ነገር እስካሁን በክፍሉ ነርሶች ዘንድ ይወራል። «ሸና?» ነበር ያለችው። ነርሷ «አዎ፣ እንደ ጉድ ሸንቷል» ስትላት ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች። የተተከለ ኩላሊት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በዚያ ነውና ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልነበረም። በአንድ የደንብ ልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ሐኪሞቹ ለጊዜው ከባድ ጥቅልል እንዳታነሳ ስላሏት አሠሪዎቿ ወደ ቁልፍ መትከያው ማሽን አዛወሯት፤ እስክትመለስ ድረስ የቆራጭነቱን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ያዘውና እዚያው ቀረች። «ቁጭ ብዬ መሥራት ነው፣ ደላኝ» ትላለች። መቁረጥ እንደምትወድ ወንድሟ ያውቃል። ስለዚያ ግን ምንም ብላው አታውቅም።

ለእሱ ደግሞ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ እንክብል ታዘዘለት፤ ዕድሜ ልክ። የኩላሊት ሐኪሟ ፈጠን ፈጠን እያለች የምትናገር፣ ታማሚ ካልገባው ግን ሦስቴም ቢሆን የምትደግም ሴት ናት። «የሰውነትዎ መከላከያ ዘበኛ ነው» አለችው። «እህትዎን አያውቃትም። ኩላሊቷን ሲያይ ሌባ ገባ ብሎ ነው የሚነሳው። ይሄ መድኃኒት ዘበኛውን ያስተኛልናል። አንድ ቀን ከዘለሉ ይነቃል።» እሱም ራሱን ነቀነቀ። እህቱ ከጎኑ ተቀምጣ እሷም አብራ ነቀነቀች።

ሥራ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ኩባያው ከማስቀመጫው ጋር ተንጫጫ። ቀጥሎ ማበጠሪያው አመለጠው። መድኃኒቱ ለአንዳንድ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ሲሰጠው ተነግሮታል፤ እሱ ግን ያኔ ይሰማ የነበረው «ትድናለህ» የሚለውን ብቻ ነበር። በተለይ ጠዋት እንክብሉን ከዋጠ በኋላ ጣቶቹ የራሱ አይመስሉም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ የቆየ ደንበኛው የሆነው ጡረተኛ ዳኛ ተቀመጠ። እጀ ሐር ሳሙናውን ቀባ፣ ምላጩን አነሳ፣ ከጆሮው ሥር ጀመረ። ዳኛው «እህ» አለ። ነጩ ፎጣ ላይ ደም ታየ። ብዙ አይደለም፤ ግን ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አየ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው፣ ከሬዲዮው ስለማይለይ ባለ ሬዲዮ የሚሉት ባልደረባው፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ ቆመ። ዳኛው ግን ደግ ሰው ነው። «ግድ የለም፣ ዕድሜ ነው ልጄ» አለው።

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳኛው መጣና ሰላም ብሎት፣ ጤናውን ጠይቆት፣ የባለ ሬዲዮ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጀ ሐር የሌላ ደንበኛ ማጅራት እየጠረገ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ኩላሊቱ የሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈረም፤ ኩላሊት በሰው ፊት አይሞትም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነገር ልጅ ቢያደርገው ይገረፋል። የቅዳሜ ጠዋቱን እንክብል ተወው። «ቁርስ ስበላ እውጠዋለሁ» ብሎ ከሚስቱ እጅ ተቀበለና በሸሚዙ ኪስ ከቶ ወደ ሥራ ሄደ። እጁ ረፋድ ላይ ረጋ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሽራ ላጨ፤ ሙሽራው አገጩን ዳበሰና መስታወቱን አየ። በቃ። ለአንድ ቀን ኩላሊት አይሞትም አለ። ቀጥሎ ዓርብም ገበያ አለው አለ። ከዚያ ሐሙስም ሰው አያጣም አለ። እንክብሉን ወለሉ ላይ ወደተከመረው ፀጉር ጣል ያደርገዋል፤ ማታ ከጥቁሩም ከሽበቱም ጋር አብሮ ተጠርጎ ይወጣል። የማታውን ግን ይውጣል። እሱ ራሱን እንደ ታማኝ ይቆጥር የነበረው በዚህ ነው።

የሐኪም ቀጠሮ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ጠዋትም ማታም ሰዓቱን ሳያዛንፍ ይውጣል፤ ለደንበኞቹ «ትከሻዬን ያዘኝ» ይልና ምላጩን ለባለ ሬዲዮ አሳልፎ ይሰጣል። ደሙ ሲመረመር የመድኃኒቱ መጠን ልክ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሟም «ሁሉም ታማሚ እንደ እርስዎ ቢሆንልኝ» ትላለች። እህቱ ይሄኔ ፊቷ ይበራል፤ ልጇ አንደኛ የወጣላት እናት ነው የምትመስለው። እሱ ጫማውን ያያል። ሆዱ ያውቃል። ምስጋናውን እንደ ሰረቀው ያውቃል፤ ግን ምስጋና መመለስ ያስቸግራል፣ ይሉኝታም አለ፣ ቅዳሜም ይመጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እሱ ራሱ ለደንበኛ ስንቴ ተርቶታል። ሰው ለሌላው ሲተርት ጎበዝ ነው።

አንድ ቀጠሮ ላይ ነርሷ ከወትሮው አንድ ብልቃጥ ደም ጨምራ ቀዳች። አዲስ ምርመራ ነው አለችው። ውጤቱ ሲደርስ ከቀጠሮው ቀን በፊት ተደውሎ ተጠራ። እህቱ እንደ ሁልጊዜው ከሥራ አስፈቅዳ አብራው ሄደች።

ሐኪሟ ዛሬ ፈጠን ፈጠን አላለችም። «የመድኃኒቱ መጠን ጥሩ ነው» ብላ ጀመረች። «የኩላሊቱም የተለመደው ምርመራ ምንም አይልም። ይሄ አዲሱ ግን ሌላ ነገር እያለን ነው።»

«ምን ይላል?» አለች እህቱ ቀድማ።

«በሰው ሰውነት ውስጥ ሕዋስ በየቀኑ ይሞታል። ሲሞት በውስጡ ያለው ዲኤንኤ ተሰባብሮ ደም ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሁላችንም ደማችን ውስጥ የራሳችን ስብርባሪ አለ። የእሱ ደም ውስጥ ግን ያንቺም አለ። ከኩላሊትሽ የሚመጣ።»

እህቱ ሳቀች። «የእኔ? እሱ ደም ውስጥ እየዞርኩ ነው? እንግዲህ ጋሼ፣ የትም አታመልጠኝም!»

«ጥቂት ሲሆን ጤና ነው» አለች ሐኪሟ፤ እሷ አልሳቀችም። «ወንድምና እህት በብዙ ነገር ትመሳሰላላችሁ፤ ምርመራው የምትለያዩበትን ቦታ ፈልጎ ነው የሚቆጥረው። አሁን ያንቺ ስብርባሪ በዝቷል። ይህ ማለት መከላከያው ነቅቶ ኩላሊቱን እየጎዳው ነው። የተለመደው ምርመራ ይህን የሚነግረን ብዙ ከተበላሸ በኋላ ነው። ይሄኛው ቀድሞ ነገረን።»

እጀ ሐር ነገሩ ከማንም በላይ ገባው። እሱ ማታ ወለሉን ሲያይ ቀኑን ሙሉ ማን እንደተቆረጠ ያውቃል፤ ሽበት ካለ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፣ የሕፃን ለስላሳ ፀጉር ካለ ሕፃን መጥቶ ነበር። የእሱም ደም እንደዚያ ወለል ነበር፤ የእህቱ ቁርጥራጭ ተከምሮበት ሐኪሟ አይታዋለች። የመድኃኒት መጠን ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ይናገራል። ይሄኛው ሲደረግ የከረመውን ነው የተናገረው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ የእሱም ስንቅ እዚያች ጠረጴዛ ላይ አለቀ።

«ልጠይቅዎት» አለች ሐኪሟ። «አልቆጣም። መድኃኒቱን የዘለሉበት ጊዜ አለ?»

ወንበሩ የሚገፋው መሰለው።  እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ እህቱ ግን ከጎኑ ተቀምጣ ነበር።

«በፍጹም» አለ።

«እሱ?» አለች እህቱ፣ ተቆጥታ ማለት ይቻላል። «እሱ ሰዓቱን አያሳልፍም ዶክተር! እኔ ልሙት! ሚስቱም ምስክር ናት። እሱን እንዲህ ብለው አይጠርጥሩት።»

ሐኪሟ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። «እንግዲያው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን» አለች። «መድኃኒቱ አልበቃው ብሎ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን ከፍ እናደርግ ይሆናል። በመርፌ ከኩላሊቱ ትንሽ ወስደን እናያለን። ከኩላሊቱ ጋር አብሮ የመጣ ነገር ካለም እናጣራለን።»

እህቱ ከእሱ ቀድማ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ተራውን በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«አብሮ የመጣ ነገር አለች አይደል?» አለችው።

«እንዲያው ልማዷ ነው፣ ሁሉንም ትላለች።»

«ልጅ ሆኜ ታምሜ እንደነበር ታስታውሳለህ? ሽንቴን ሲያመኝ፣ እማዬ አዝላ የወሰደችኝ ጊዜ? ያኔ ኩላሊት ነው ያለ ሰው ነበር መሰለኝ። ሲመረምሩኝ አልነገርኳቸውም። ትዝ አላለኝም ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ ትዝ አላለኝም።» አይኗ እንባ አዘለ። «ደካማውን ሰጥቼህ ይሆን?»

እዚህ ላይ ማንም ሰው ይናገራል። ድንጋይ ይናገራል። የጎደለው አንድ አረፍተ ነገር ነበር፤ «እኔ ነኝ እቴ» ቢላት ያልቅ ነበር። እሱ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ተይ እንጂ፣ የምን ደካማ!» አላት። ይህንኑ ተናግሮ ውሃ ልግዛልሽ ብሎ ተነሳ። ውሃው መሸጫ ደርሶ ሳንቲም ሲያወጣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የቀጠሮ ሰሞን ስለሆነ መድኃኒቱን ውጦ ነበርና። ሻጭዋ አየችው። አላፈራትም። ከዚያ የሚበልጥ ሀፍረት አግኝቶ ነበር።

ያን ቀንና በማግስቱ አንድ እንክብል አልጣለም። ይህም ምንም አልረዳውም። ማድረግ የሚገባውን ማድረግ ሲጀምር ያላደረገው ሁሉ ፊቱ ተደረደረ። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ትከሻዬን» አላት። ያ ትከሻ ስንት ነገር ተሸከመ!

ከዚያ በኋላ ሚስቱ ስልክ አነጋግራ ስትጨርስ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጣች። «እህትህ ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ ሄዳ ነበር አሉ» አለችው። «ሽንቷንና ደሟን ልትመረመር። የሰጠሁት ኩላሊት በሽታ ነበረበት ወይ ብላ ስትጠይቃቸው ስታለቅስ ነበር። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ሰጥታም እሷው ታለቅሳለች።»

እጀ ሐር ሽርጡን ፈታ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ራሱ የተቆረጠ ደንበኛ ነበር። «ጨርስለት» ብሎ ቶንዶሱን ለባለ ሬዲዮ ሰጠውና ወጣ።

ስፌት ድርጅቱ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል፤ ሴቶቹ በየማሽናቸው ጎን ሳህናቸውን ይዘው ያወራሉ። እህቱ ቁልፍ መትከያው ማሽን ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የተረፈ ክር ከመዘውሩ ታወጣለች። ስታየው ደነገጠች። «ምነው? ውጤት መጣ?»

«ነይማ ውጪ።»

ከኋላ በኩል፣ የጨርቅ ቅዳጅ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከተደረደረበት ደረጃ ላይ እህቱ ተቀመጠች። እሱ ሊቀመጥ ጀመረና ተመልሶ ቆመ። ቃላቱን መንገድ ላይ ሲያዘጋጃቸው መጥቶ ነበር፤ ሁሉም ጠፉበት።

«ኩላሊትሽ ደህና ናት» አለ። «ምንም የላትም። መድኃኒቱን አልዋጥኩም። እጄን ስለሚያንቀጠቅጠኝ ጠዋት ጠዋት አልውጥም ነበር።»

አልገባትም። «መቼ ዕለት?»

«አንድ ዕለት አይደለም።»

 ቀስ ብሎ ሲገባት ከፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፊት ሲለወጥ በመስታወት የማየት ልማድ እንጂ ፊት ለፊት የማየት ልማድ አልነበረውም።

«ሐኪሟ ጋ ስምልልህ ተቀምጠህ ትሰማኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ልሙት አልኩልህ።»

«አዎ እቴ።»

«ኮሪደሩ ላይ ሳለቅስም አውቀህ ነው ውሃ የገዛህልኝ።»

 ቅዳጅ የታጨቀበትን ከረጢት ያያል።

«እንክብሉን የት ጣልከው?»

ይህን ትጠይቀኛለች ብሎ አላሰበም። «ከፀጉሩ ጋር» አለ።

«ከሰው ፀጉር ጋር ጠረግከው።» ጮኻ አልነበረም የተናገረችው። የሥራ መጀመሪያው ደወል ተደወለ፤ ተነሳችና ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር አራገፈች። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ አፈርክ» አለችው። «እኔን ስትዋሸኝ ግን ምንህም አልተንቀጠቀጠም።»

ገባች። ሊከተላት ሲል አንዲት ባልደረባዋ በሩ ላይ አገኘችው። «የእሷ ወንድም ነህ አይደል? ያ ኩላሊት የሰጠችህ?» ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ስላንተ ስታወራ እኮ አትጠግብም! ‹መድኃኒቱን እንደ ሰዓት ነው የሚውጥ› ትለናለች። እኔ ደግሞ ያባቴን የስኳር መድኃኒት ማስዋጥ አቅቶኝ፣ ወንድሟን ተመልከት እለዋለሁ።» እጀ ሐር እጁን ማስለቀቅ አቃተው። ፊቱ ተቃጠለ፤ ጆሮው ጭምር ተቃጠለ። «እሺ፣ እሺ» እያለ ወደ ኋላው ሄደ።

በዚያው ሐኪም ቤት ገባ። ሳይቀጠር ሄዶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሐኪሟ ስትወጣ፣ ሌሎች ታማሚዎች እየሰሙ፣ ሁሉንም ነገራት። እሷ እንዳለችው አልተቆጣችም። ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን አሸችው።

«እጅዎ እንደሚንቀጠቀጥ ለምን አልነገሩኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ቀስ እያለ ሰውነት ውስጥ የሚለቀቅ ዓይነት አለ እኮ። ለብዙ ሰው መንቀጥቀጡን ይቀንሰዋል። ይህችን አንዲት ነገር ነግረውኝ ቢሆን ያኔውኑ እቀይርልዎት ነበር።» አንድ ሽማግሌ ታማሚ ከወረፋው ላይ ከንፈሩን መጠጠ። ለእሱ ይሁን ለራሱ በሽታ አይታወቅም፤ እጀ ሐር ግን ለእኔ ነው ብሎ ወሰደው።

አስተኙት። በመርፌ ከኩላሊቱ ቅንጣት ወስደው ሲያዩ ምርመራው የተናገረው እውነት ሆነ። ጠንከር ያለ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፣ እንክብሉንም ቀየሩለት። ሚስቱ አስታመመችው፤ አስታመመችው እንጂ አላነጋገረችውም። «በእኔ እጅ እየተቀበልክ» ብላ ጀመረችና ተወችው። እህቱ አልመጣችም።

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ደም ሰጠ። ነርሷ ክርኑ ላይ ጥጥ እያሰረች፣ «ዛሬ እህትዎስ?» አለችው።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አለና ቆመ። ይሄም ውሸት ነው። እንዴት ቀሎ ነው የሚወጣው! «አይ፣ ተቀይማኝ ነው» አላት። ነርሷ ጥጡን ጠበቅ አደረገችና ሌላ አልጠየቀችም።

የእህቱ ስብርባሪ ቀንሷል አሉት። ሐኪሟ ደስ ብሏት ነበር፤ እሱ ደስ ሊለው ሲል ጨመረችበት። «መከላከያው ተኝቷል። የሞተው የኩላሊት ክፍል ግን አይመለስም። ብዙ ዓመት ሊያገለግልዎት ይችል የነበረው አሁን ያን ያህል ላያገለግል ይችላል። ምን ያህል እንደጎደለ ልነግርዎት አልችልም።» ከክፍሉ ወጥቶ ለእህቱ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። መልእክት ልጻፍ ብሎ «ቀንሷል» ብሎ ጻፈና አየው። ከኩላሊቷ ላይ በልቶ ቀንሷል ብሎ ማብሰር አስጠላው። አጠፋው። ያችን ዜና ሚስቱ ነገረችለት።

ሥራ ተመለሰ። አዲሱ እንክብል መንቀጥቀጡን ቀንሶለታል፣ አላጠፋውም። ምላጩን ለባለ ሬዲዮ ሰጠው፤ ለሰሞኑ ሳይሆን ለሁልጊዜ። ደንበኛ ሲጠይቀው ትከሻዬን አይልም። «መድኃኒት እጄን ያንቀጠቅጠኛል፤ መላጨት ከፈለግክ እሱ ጋ ሂድ» ይላል። መጀመሪያ ሲናገረው ከንፈሩ ደረቀ። የሚገርመው፣ ማንም ምንም አላለውም። ለዚህ ነበር እንዴ? እያለ በልቡ ያመላልሰዋል። ለዚህች?

አንድ ጠዋት፣ ሁለቱም ወንበር ተይዞ አግዳሚውም ሞልቶ ሳለ፣ እህቱ ገባች። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ነው፤ ወደ ሥራ እየሄደች ነው። ባለ ሬዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮውን ቀነሰ። እጀ ሐር ቶንዶሱን አጥፍቶ «እቴ» አላት። ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ሄደ። እሷ ቦርሳዋን ወደ ፊቷ ሳበችው።

«ዋጥከው?»

«አሁን ልውጥ ነበር።»

«ዋጥ።»

መሳቢያውን ከፈተ፣ እንክብሉን አወጣ፣ ከገንዳው በላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀዳ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው በሽርጡ ላይ ፈሰሰ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በመስታወቱ ያያል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ስልካቸውን ትተው ያያሉ። ዋጠ።

«አፍህን ክፈት» አለች።

«ሰው አለ እኮ» አላት ዝግ ብሎ።

«አይቻቸዋለሁ። ክፈት።»

ከፈተ። ሽበት የወረሰው፣ ልጅ የዳረ፣ ስንት ሰው ጉሮሮውን ያመነው ሰው፣ በገዛ ቤቱ መካከል አፉን ከፈተ።

«ምላስህን አንሳ።»

አነሳ። ቀረብ ብላ ግራና ቀኙን አየች። «እሺ» አለችና ወጣች። የበሩ መጋረጃ ተወዛወዘ። ባለ ሬዲዮ አንገቱን ደፍቶ አንዱን ጆሮ ሁለቴ ጠረገው። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይቀለው ነበር።

በማግስቱም መጣች፤ ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ። ሰላምታ የለም፣ መቀመጥ የለም። አንድ ጠዋት እጀ ሐር በመስኮቱ ስትሻገር አያትና ሳይጠየቅ እንክብሉን አወጣ፤ በሩን ስትገፋ ዋጠና አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ ጠበቃት።

እሷ ግን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ከምላሱ ሥር አየች።